ሚሊግራሙ ትንሽ፣ መድኃኒቱ ብርቱ
በሐኪም ትእዛዝ ስለሚሰጡ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የጤና ክፍለ ጊዜ ከቀረበ ንግግር ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ)

 

ካለፈው ዝግጅታችን በኋላ አንዲት እህት ስልክ ደወለችልን። እናቷ የካንሰር ሕመምተኛ ናቸው። ለወራት ትራማዶል የሚባለውን ባለ 50 ሚሊግራም ክኒን በቀን አራት ጊዜ ሲወስዱ ቆይተዋል። ሕመሙ ሲጠናባቸው ሐኪማቸው መድኃኒቱን ለውጦ ኦክሲኮዶን የተባለ ባለ 10 ሚሊግራም ክኒን፣ እሱንም በቀን አራት ጊዜ አዘዘላቸው። እህታችን ደስ ብሏታል። «አልሐምዱሊላህ፣ ከ50 ወደ 10 ዝቅ አለላቸው፤ ቀለል ያለ መድኃኒት ተሰጣቸው ማለት ነው። ሌሊት ሕመሙ ሲነሳባቸው ግን ከድሮው የተረፈውን ባለ 50 ልጨምርላቸው ወይ?» ስትል ጠየቀችን።

ጉዳዩ እስከ ዛሬው ዝግጅት የሚያቆይ ስላልነበረ እዚያው በስልክ መለስንላት። መልሱ «አይሆንም» ነው። እናት ወደ ቀላሉ አልወረዱም፤ ወደ ብርቱው ነው የወጡት። ሁለቱ ባንድ ሌሊት ቢደራረቡ ደግሞ ሊመጣ የሚችለው እንቅልፍ ብቻ አይደለም፣ ትንፋሽ እስከማቆም ሊደርስ ይችላል። ይሁን እንጂ እህታችን የምትወቀስበት ምክንያት የለም። በክኒኑ እሽግ ላይ በትልቁ ተጽፎ የምናየው ቁጥር ሚሊግራሙ ነውና፣ ቁጥሩ ያነሰው መድኃኒትም ያነሰ ይመስለናል። በመድኃኒት ቤት መስኮት ቆሜ ስሠራ በኖርኩባቸው ዓመታት ይህንኑ ስሕተት ከተማረውም ካልተማረውም ሰምቻለሁ። ዛሬ በዚህ ላይ እንነጋገራለን፣ ኢንሻአላህ።

የአፍዩን ቤተሰብ

ኮዲን፣ ትራማዶል፣ ሞርፊን፣ ሃይድሮኮዶን፣ ኦክሲኮዶን፣ ሃይድሮሞርፎን፣ ፔቲዲን፣ ሜታዶን፣ ፌንታኒል። እነዚህ ሁሉ ኦፒዮይድ በሚባል አንድ ስም ይጠራሉ። ስሙ የመጣው ኦፒየም ከሚባለው የተክል ወተት ሲሆን፣ በዐረብኛው አፍዩን የሚባለው ነው። ስለ አፍዩን ሕመም አስታጋሽነት ኢብኑ ሲና ከሺህ ዓመት በፊት ጽፏል። በ1800ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደግሞ ሰርቱነር የተባለ ጀርመናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ዋናውን ንጥረ ነገር ለብቻው አውጥቶ ሞርፊን አለው። ሞርፊንና ኮዲን በቀጥታ ከተክሉ ይገኛሉ። ኦክሲኮዶንን የመሳሰሉት የተክሉን ንጥረ ነገር በመለወጥ ይሠራሉ፤ ፌንታኒል፣ ሜታዶንና ትራማዶል ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በፋብሪካ የሚቀመሙ ናቸው።

ሁሉም የሚሠሩት በአንጎልና በአከርካሪ ውስጥ ባሉ ተመሳሳይ መቀበያዎች ላይ ነው። በነዚሁ መቀበያዎች አማካይነት ሕመሙ ይደበዝዛል፣ አንጀት ሥራውን ያቀዘቅዛል፣ ትንፋሽን የሚያዘው የአንጎል ክፍልም ይደነዝዛል። ጥቅሙና አደጋው በአንድ በር ነው የሚገቡት።

በርበሬና ጎመን

አንድ ኪሎ በርበሬና አንድ ኪሎ ጎመን በሚዛን ላይ እኩል ናቸው፤ ድስት ውስጥ ግን ማንም እኩል አያደርጋቸውም። ሚሊግራምም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች እነዚህን መድኃኒቶች ለማወዳደር በአፍ የሚወሰደውን ሞርፊን መለኪያ አድርገው ይዘዋል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2022 (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ የአንድ ቀን መጠን በሚከተለው ቁጥር ሲባዛ ስንት ሚሊግራም ሞርፊን እንደሚሆን ይገመታል፦ ኮዲን በ0.15፣ ትራማዶል በ0.2፣ ሃይድሮኮዶን በ1፣ ኦክሲኮዶን በ1.5፣ ሃይድሮሞርፎን በ5።

አሁን የእናትን ሒሳብ እንሥራ። የቀድሞው ትራማዶል በቀን 200 ሚሊግራም ነበር፤ በ0.2 ሲባዛ 40 ሚሊግራም ሞርፊን ያህላል። አዲሱ ኦክሲኮዶን በቀን 40 ሚሊግራም ነው፤ በ1.5 ሲባዛ 60 ይሆናል። ክኒኑ ላይ ያለው ቁጥር በአምስት እጥፍ አንሶ ሳለ፣ የቀኑ ብርታት ግን በግማሽ ጨምሯል። ሐኪሙ የጨመረው አውቆ ነው፤ ቤተሰቡ ግን መጨመሩን አላወቀም።

መመሪያው ለተራ ሕመም የቀኑ ድምር 50 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ሐኪሙ ቆም ብሎ እንዲያስብ ይመክራል። ይህ ምክር ግን ለካንሰር ሕመምና በሕይወት መጨረሻ ላይ ላሉ ሕሙማን የወጣ አይደለም፤ ስለዚህ እህታችን 60 የሚለውን አይታ መደንገጥ የለባትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር አለብኝ። ይህ ሠንጠረዥ ለማወዳደር እንጂ በቤት ውስጥ ካንዱ መድኃኒት ወደ ሌላው ለመቀየር አይደለም። ቁጥሮቹ ግምት ናቸው፤ የትራማዶሉ በ2016 መመሪያ 0.1 ነበር፣ በ2022 እጥፍ ሆነ። ሐኪም እንኳ መድኃኒት ሲቀይር ሰውነት ለአዲሱ ስላልለመደ ከሒሳቡ ቀንሶ ይጀምራል። ሌላም አለ፤ ሆስፒታል ተኝቶ በመርፌ 10 ሚሊግራም ሞርፊን ይወስድ የነበረ ሰው ቤቱ ሲገባ በአፍ 30 ቢታዘዝለት ሦስት እጥፍ ተጨመረብኝ ብሎ መሥጋት የለበትም። በአፍ የሚገባው በጉበት አልፎ ስለሚሄድ ወደ ደም የሚደርሰው ሲሶው ገደማ ነውና።

በጣም የሚያታልሉት ሁለቱ

ፌንታኒል በሚሊግራም ሳይሆን በማይክሮግራም፣ ማለትም በሚሊግራም አንድ ሺህኛ ነው የሚለካው። በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ባለ 25 ፓች በየሰዓቱ 25 ማይክሮግራም ይለቅቃል። ሙሉ ቀን ሲደመር 0.6 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ይህ ከምላስ ጫፍ የማይቆጠር ነገር ግን 60 ሚሊግራም ሞርፊን በአፍ እንደመውሰድ ይቆጠራል። ስለዚህ ፓቹ ከዚህ በፊት ኦፒዮይድ ላልለመደ ሰው ጨርሶ አይለጠፍም። «ጀርባዬን አመመኝ» ላለ ጎረቤት ከቤት አውጥቶ መስጠት እንደ ደግነት ሊታይ ይችላል፣ ሆኖም ሊገድል ይችላል። በተለምዶ ለ72 ሰዓት ይቆያል፤ ሥራው የሚታወቀው ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ቆይቶ ነው፤ ከተነሳም በኋላ ከቆዳ ሥር የቀረው መሥራቱን ይቀጥላል። ሙቀት ደግሞ አፋጥኖ ያስገባዋል። የሙቅ ውኃ ጠርሙስ፣ የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ፣ ኃይለኛ ትኩሳት፣ ሳውና፣ ሁሉም ያሰጋል። አዲሱ ከመለጠፉ በፊት አሮጌው መነሣቱን በዓይን አይቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በጀርባ ላይ የተረሳ ፓች ብዙ ነው።

ሜታዶን ደግሞ ሰዓት ያታልላል። ሕመሙን የሚያስታግሰው ከ4 እስከ 8 ሰዓት ሲሆን፣ መድኃኒቱ ራሱ ግን ከሰውነት ለመውጣት ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ሕመምተኛው ሕመሙ ሲመለስ «አለቀ» ብሎ ይደግማል፤ ያኛው ግን አላለቀም። ተደራርቦ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን እንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ ያጥራል። የልብ ምትን ሥርዓት የማዛባት ጠባይም አለው። ሜታዶን በታዘዘበት ቤት «ትንሽ ልጨምር» የሚባል ነገር የለም።

ስለ እኛ የተጻፈው

ዛሬ ወደዚህ መስኮት ያመጣኝ ዋናው ነገር ይህ ነው። በብዙ ሰው ዘንድ ኮዲንና ትራማዶል «ደካሞቹ» ተብለው ይታወቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1986 ባወጣው የሦስት ደረጃ መሰላል ሁለተኛው እርከን ላይ ለደካሞቹ ቦታ ሰጥቶ ነበር። ነገር ግን ኮዲን ራሱ እምብዛም ሕመም አያስታግስም። ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ ቱ ዲ ሲክስ የሚባል ኢንዛይም ከኮዲኑ ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው የሚሠራው። ትራማዶልም ብርታቱን የሚያገኘው በዚሁ ኢንዛይም በኩል ነው። አንዳንድ ሰው የዚህን ኢንዛይም ዘር (ጂን) ተደጋግሞ ይወርሳል፤ ጉበቱም ኮዲኑን ባፋጣኝና በብዛት ወደ ሞርፊን ይቀይራል። ለሌላው ሰው ግማሽ ስኒ የሚሆነው ለሱ ሙሉ ጀበና ይሆንበታል ማለት ነው።

ይህ ዓይነቱ ሰው በሰሜን አውሮፓ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው። በኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገውና ተመራማሪዋ ኤሌኒ አክሊሉ ከስዊድን ባልደረቦቿ ጋር በ1996 ያሳተመችው ጥናት ያገኘው ግን ከመቶ 29 ነው። ከአሥር ሰው ሦስት ገደማ! በ1997 የወጣ ሌላ ጥናት በሳዑዲዎች ዘንድ ከመቶ 20 ያህል አግኝቷል። በአውሮፓ ለኮዲን በሚዘጋጀው የሐኪሞች መረጃ ላይ ሳይቀር ኢትዮጵያውያን ከ29ኙ ቁጥር ጋር በስም ተጠቅሰው ይገኛሉ። ስማችን ተጽፎ ሳለ እኛ አናውቀውም።

ጉዳዩ ከዘር ብቻ እንደማይወሰንም ታይቷል። በ2002 የታተመ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩና ስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ሲያወዳድር፣ ያው ዘር ያላቸው ሆነው ሳለ ኢንዛይሙ ስዊድን ባሉት ላይ ፈጥኖ ይሠራል። በ2015 የወጣው ደግሞ ጫት የዚህን ኢንዛይም ሥራ እንደሚያዳክም አሳይቷል። እንግዲህ አገር ቤት እያለ ኮዲን «ምንም አላደረገኝም» ያለ ሰው፣ ውጭ አገር ሄዶ ያንኑ ክኒን ሲውጥ ሌላ ነገር ሊገጥመው ይችላል። በተቃራኒውም ኢንዛይሙ የማይሠራላቸው ጥቂቶች አሉ። እነዚህ ኮዲን ቢወስዱ የሚያገኙት ሆድ ድርቀቱን ብቻ ነው። «አልሠራልኝም» ሲሉ ሱሰኛ ተብለው የሚጠረጠሩትም እነሱ ናቸው፣ ያሳዝናል።

የዚህ ሁሉ ከባዱ ክፍል የሚያርፈው በሕፃናት ላይ ነው። ቶንሲላቸው ወጥቶ ኮዲን የተሰጣቸው ልጆች በትንፋሽ ማቆም ከሞቱ በኋላ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2013 ብርቱ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በ2017 ደግሞ ኮዲን ለሕመምም ሆነ ለሳል፣ ትራማዶልም ለሕመም፣ ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ እንዳይሰጥ፤ ትራማዶል ቶንሲል ወይም አዴኖይድ ላስወጡ ከ18 ዓመት በታች ላሉ እንዳይሰጥ (ለኮዲን ቀድሞ ተከልክሎ ነበር)፤ የሚያጠቡ እናቶችም ሁለቱንም እንዳይወስዱ አሳወቀ። የእናቲቱ ጉበት የሠራው ሞርፊን በወተቷ ወደ ሕፃኑ ያልፋልና። በኦፕሬሽን የወለደች እህት ይህ ከታዘዘላት «የማጠባ ነኝ፣ ኢትዮጵያዊትም ነኝ፤ በዚህ ኢንዛይም የማይለወጥ ሌላ የለም ወይ?» ብላ ብትጠይቅ ነውር የለውም። ለአብዛኞቹ እናቶች ኢቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል (አሜሪካኖቹ ታይሌኖል የሚሉት) ሊበቁ ይችላሉ። ያጠባችው ሕፃን ከወትሮው በላይ ካንቀላፋ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ትንፋሹ ከተቆራረጠ ነገ አይባልም።

ሞርፊን ራሱ ይህን ኢንዛይም አይፈልግም። ስለዚህ «ብርቱ» የተባለው ሞርፊን፣ መጠኑ በትንሹ ተጀምሮ ሲሰጥ፣ ከ«ደካማው» ኮዲን ይልቅ በእኛ ሰውነት ውስጥ የሚሠራው አስቀድሞ ሊገመት የሚችል ነው። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን ሞርፊን ስለሚጠራቀም ሌላ ይመረጥለታል።

የፍርሃቱ ጉዳይ

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ጨርሶ አንነካውም» እንዳይል እፈራለሁ። በሕሙማን አልጋ አጠገብ ሁለት ንግግሮች ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አንዱ «ሞርፊን ከተሰጠ አበቃለት» የሚል ነው። ሁለተኛው «አስካሪ ነው፣ ሐራም ነው» የሚል ሲሆን፣ በዚህ የተነሳ ሽማግሌ አባቶች ጥርሳቸውን ነክሰው ሌሊቱን ሲያነጉ አይቻለሁ። ዑለማዎች ሐኪም በሚያዝዘው መጠን ለብርቱ ሕመም መውሰድን ከችግርና ከግዴታ ጋር አያይዘው ፈቅደዋል፤ ለስካርና ለደስታ መውሰድ ሌላ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕክምናን መፈለግ አስተምረውናል። የፊቅሁን ዝርዝር ለባለቤቶቹ ትቼ፣ በሕክምናው በኩል ግን አንድ ነገር ልመስክር፦ ሕመሙ በአግባቡ የታገሠለት የካንሰር ሕመምተኛ ይበላል፣ ይተኛል፣ ሶላቱን በአእምሮው ይሰግዳል። አገር ቤት ሆስፒስ ኢትዮጵያ ከ2003 ጀምሮ በሕሙማን ቤት እየዞረ ይህን ሲያደርግ ቆይቷል።

ለሳምንታት የወሰደ ሰውነት መለማመዱ የማይቀር ነው፤ በድንገት ሲቋረጥ ላብ፣ ተቅማጥ፣ እረፍት ማጣት ይመጣል። ይህ ሱስ አይደለም፣ ቀስ በቀስ በሐኪም ሲቀነስ የሚያልፍ ነገር ነው። ሱስ ማለት ሕመም ሳይኖር መፈለግ፣ ጉዳቱን እያዩ አለማቆም ነው፤ እሱም በሽታ ነውና ሕክምና አለው። ሆድ ድርቀቱ ግን አይለመድም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የሚያለሰልስ ነገር አብሮ መታዘዝ አለበት። በመድኃኒት ቤት ሴና እየተባለ የሚሸጠው ክኒን አያቶቻችን ሰናመኪ ሲሉት የነበረው ነው።

በረመዳን

የታመመ ሰው በጾም እንደሚታለፍለት አላህ (ሱ.ወ.) በቁርኣኑ ደንግጓል። ሆኖም ብዙ ሕሙማን ለመጾም ይጓጓሉ። አደገኛው ነገር የቀኑን መጠን አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ኢፍጣር ላይ መዋጥ ነው። በቀን አራት የሚወሰደው በሁለት ተደርቦ አይወሰድም። ለ12 ሰዓት ቀስ ብሎ የሚለቅቅ ክኒን አለ፤ በኢፍጣርና በስሑር ሊስማማ ይችላል፣ ይህንን ግን ሐኪሙ ከረመዳን በፊት ነው የሚያዘጋጀው። ይህ ዓይነቱ ክኒን ተቆርሶ፣ ተፈጭቶ ወይም ታኝኮ አይወሰድም፤ የ12 ሰዓቱ በአንዴ ይለቀቃልና። በቆዳ የሚለጠፍ መድኃኒት ጾም እንደማያፈርስ ዓለም አቀፉ የእስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1997 ወስኗል።

ለሐጅና ለዑምራ የሚሄዱም ይስሙኝ። በሳዑዲም ሆነ በኤምሬትስ እነዚህ መድኃኒቶች ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው፤ ትራማዶልም ጭምር። የሐኪም ወረቀት በኪስ መያዝ ብቻውን አይበቃም፣ ከጉዞ በፊት ከአገሩ ባለሥልጣን ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። «ለጓደኛዬ አድርሽልኝ» የተባለ ክኒን ደግሞ ከእጅ አይነካ።

ከምን ጋር አይገናኙም?

ከእንቅልፍና ከጭንቀት መድኃኒቶች ጋር። ዲያዜፓም፣ ሎራዜፓም፣ ዛናክስ ሁሉም ከኦፒዮይድ ጋር ሲገናኙ ትንፋሽን በጋራ ያፍናሉ። ለነርቭ የሚሰጠው ጋባፔንቲንም፣ ለአለርጂ የሚሸጠው ቤናድሪልም ይጨምሩበታል፤ መጠጥማ የታወቀ ነው። ትራማዶል ለብቻው ሌላ ጣጣ አለው፤ የሚጥል ሕመም ሊያስነሳ ይችላል፣ ከአንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ጋር አይስማማም። በሌላ በኩል ፐርኮሴትን በመሰሉ ክኒኖች ውስጥ ፓራሲታሞል አብሮ አለ። ይህን ሳያውቅ በላዩ ላይ ታይሌኖል የሚደርብ ሰው ጉበቱን ይጎዳል፤ በ24 ሰዓት ከሁሉም ተደምሮ ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም።

አደጋው ሲመጣ እንዲህ ይታወቃል፦ ሰውየው ተጠርቶ፣ ተነቅንቆ አይነቃም፤ ያልተለመደ ኩርፊያ ወይም የጉሮሮ መንኮርኮር ይሰማል፤ ትንፋሹ በጣም ይራራቃል፤ ከንፈሩ ይጠቁራል፤ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ይጠብባል። «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» ተብሎ ስንቱ ሞቷል። አሜሪካ ላለን 911 ይደወላል፤ ናሎክሶን የሚባለው የአፍንጫ ርጭት ካለ ይረጫል፤ በጎኑ ይጋደማል፤ ትንፋሽ ከሌለ ይታገዛል። ናሎክሶን (ናርካን) ከ2023 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ወረቀት ይሸጣል። የሚሠራው ግን ከግማሽ ሰዓት እስከ ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ፓች ወይም ሜታዶን ከሱ በላይ ስለሚቆይ ሰውየው ቢነቃም ሆስፒታል መሄዱ አይቀርም። ጠንካራ መድኃኒት ያለበት ቤት ይህን ርጭት ገዝቶ ቢያስቀምጥ ማንንም ሱሰኛ አያሰኝም፤ ለእሳት ውኃ እንደማስቀመጥ ነው።

የተረፈውን በተመለከተ፣ እንግዳ የሚገባበት መታጠቢያ ቤት ቁምሳጥን ውስጥ አይቀመጥም። ቆልፎ መያዝ፣ ሲያበቃ ወደሚቀበል መድኃኒት ቤት መመለስ ነው። ያገለገለ የፌንታኒል ፓች እንኳ ለሕፃን የሚበቃ መድኃኒት በውስጡ ይቀርበታል፤ የሚጣበቀው ወገን እርስ በርሱ ተጣጥፎ ወዲያው በመጸዳጃ ውኃ ይለቀቃል።

እህታችን በማግስቱ ደውላልን ነበር። ሐኪሙ ሌሊት ለሚነሳው ሕመም ራሱን የቻለ ትንሽ መጠን ያለው ክኒን ጽፎላቸዋል፤ እናትም ተኝተው አድረዋል። የተረፈውን ትራማዶል ቆጥራ ነው ወደ መድኃኒት ቤቱ የመለሰችው፦ 41 ክኒን።